የጭቃ ቤትን በራስ እጅ ማደስ፦ ከጣሪያ እስከ ቀለም በቅደም ተከተል

ጉለሌ፣ አራዳ፣ አዲስ ከተማና ሌሎች የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ውስጥ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። ባለቤቶቻቸው እድሳት ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ዓይን ከሚገባው ነገር ነው። ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ ወለሉ ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ሳሎኑ አዲስ ኮርኒስ ይገባለታል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ቀለሙ አብጦ ይላጣል፣ የግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ይጠቁራል፣ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ቀለበት ይወጣል። ገንዘቡም ድካሙም ባክኖ ቀረ ማለት ነው፤ ውሃው የሚገባበት ሳይዘጋ ውበቱ ተቀድሟልና።

የጭቃ ቤትን የሚጥለው እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው። ጣሪያው የማያፈስ፣ እግሩ የማይርስ የጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያኖራል። «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። እኔ ግን ቋሚዎቹ ደህና የሆኑበትን ቤት ማፍረስ ተገቢ አይመስለኝም። የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ያለዝባል፣ ዕቃው በቅርብ ይገኛል፣ ሥራውን ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቤቱን በራሱ ባሕርይ ስለማደስ ነው። ለስሌት እንዲመች 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ስፋት፣ 2.6 ሜትር ከፍታ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለውን ክፍል ምሳሌ አደርጋለሁ።

ከመዶሻው በፊት

አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ቤቱ ያለበት ቦታ በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን በወረዳዎ ይጠይቁ። ጣሪያ ቀይሮ፣ ወለል ሞልቶ፣ በዓመቱ «ተነሡ» መባል የሚያንገበግብ ኪሳራ ነው። ቦታው ከዚህ ነጻ ከሆነ የእድሳት ፈቃድ ያውጡ። ጣሪያ ማንሣት፣ ግድግዳ ማፍረስ ወይም መስኮት ማስፋት ያለ ፈቃድ ከተጀመረ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሊያስቆመው ይችላል፤ ክዳኑ እንደተነሣ የቆመ ሥራ ደግሞ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይንኩት።

ቀጥሎ ጎረቤት ነው። በነባር ሰፈር ግድግዳ የጋራ፣ የጠፈጠፍ መውረጃም የጋራ ነው። ምን እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚጀምሩ፣ ውሃዎን ወዴት እንደሚያወርዱ አስቀድመው ይንገሩ።

ገንዘቡን ሲያሰሉ ያለዎትን ሁሉ ለዕቃ አይመድቡት። ከመቶው 15 እስከ 20 ያህል ለብቻ ይቀመጥ። የጭቃ ግድግዳ እስኪገለጥ ድረስ ውስጡ የተደበቀው አይታወቅም፤ ሁለት ቋሚ ይቀየራል ብለው የገመቱት ቤት አምስት ሊፈልግ ይችላል። ያገለገለ በር፣ መስኮት፣ ማጠፊያና ቁልፍ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል። ሽቦ፣ ብሬከርና የጣሪያ ምስማር ግን አዲስ ይግዙ።

ሥራውንም ይከፋፍሉት። ምርመራው፣ ቦዩ፣ ጭቃው፣ ብሩሹ ለቤተሰብ ነው። ቋሚ መቀየር አናጢ፣ የመብራት መስመር ደግሞ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል።

በክረምት መመዝገብ፣ በበጋ መሥራት

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዶፍ እየወረደ ነው። የሚያስፈልገው ደብተር፣ የእጅ ባትሪና ጠመኔ ብቻ ነው። በኮርኒሱ መግቢያ ራስዎን አውጥተው ወደ ክዳኑ ያብሩ። ውሃ የሚገባበት ቦታና የሚንጠባጠብበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ጠብታው በወራጁ (ክዳኑን በተሸከመው ሰያፍ እንጨት) ላይ እየተንሸራተተ ሁለት ሜትር ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለበት ትተው በእንጨቱ ላይ ያለውን የውሃ መንገድ ወደ ላይ ይከተሉ፣ የገባበትንም ምልክት ያድርጉበት። እንጨቱ ርሶ ጠመኔ ካልያዘ እዚያው ላይ ክር ይሰሩበት።

ከዚያ ጥላ ይዘው ቤቱን ይዙሩ። ጠፈጠፉ የት ያርፋል? ውሃው ይሄዳል ወይስ ይተኛል? ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃ ግድግዳውን እስከ የት ያረጥባል? በሜትር ለክተው ይጻፉት። ይህ ማስታወሻ በበጋ ማንም ባለሙያ ሊሰጥዎ የማይችለው መረጃ ነው።

ሥራው ራሱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል፤ ጭቃ ደግሞ ለመድረቅ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል።

ግድግዳውን መመርመር

ዝናቡ ሲያቆም ካቻቢቴ፣ መዶሻና ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) ይዘው ይመለሱ።

ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ያንኳኩ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ባዶ ድምፅ ካሰማ ምርጊቱ (ግድግዳው ላይ የተመታው ጭቃ) ከማገሩ (በቋሚዎቹ ላይ አግድም ከተመታው ቀጭን እንጨት) ተለይቷል፤ ያ ቦታ መውረድ አለበት። በጠመኔ ከብበው ይለፉ።

ከግርጌ ያለውን ጭቃ በየቋሚው ሥር ትንሽ ፈልፍለው እንጨቱን በካቻቢቴ ይውጉት። ጫፉ ብቻ ከገባና እንጨቱ ከጠነከረ ይተዉት። ያለ ጉልበት ሁለት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ክፍል ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ከላይ ጤነኛ መስሎ ከሥር ያለቀ ቋሚ የተለመደ ነገር ነው።

ቀጭን የልስን ስንጥቅ አያስጨንቅም። ጣት የሚያስገባ፣ ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ከሥር የሰመጠ ነገር እንዳለ ይናገራል። ቱምቢ ጥለው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ካዘነበለ ባለሙያ ሳያየው ምንም አያፍርሱ።

ጣሪያው

ቆርቆሮ ላይ ሲወጡ ጎማ ጫማ ያድርጉ፣ በምስማሩ መስመር ላይ ብቻ ይርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ቆርቆሮው የሳሳ ከሆነ ጣውላ አጋድመው ጣውላው ላይ ይሂዱ። ብቻዎን አይውጡ፣ ጤዛ ወይም ካፊያ ባለበት ጠዋትም አይሞክሩት።

የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ የምስማር ቀዳዳ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ በዓመታት ውስጥ ምስማሩን እየነቀነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ብቅ ያለውን ምስማር መልሶ መምታት የአንድ ወር መፍትሔ ነው። ነቅለው ጎማ ባለው ረዘም ያለ ምስማር ወይም ብሎን ይተኩት። ምስማር ሁልጊዜ የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃው የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ በሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ዕድሜ ልኩን ያፈሳል።

ትንሽ የዛገ ቀዳዳ ካለ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ ሬንጅ ቀብተው፣ ቁራጭ ቆርቆሮ ደርበው፣ ጠርዙን እንደገና በሬንጅ ይዝጉት። አንድ ቆርቆሮ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አራት አምስት ከሆነ ግን መለጠፉን ትተው ቆርቆሮውን ይቀይሩት። ሲገዙ የጌጅ ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ወፍራም መሆኑን ያስታውሱ፤ ባለ 28 ከባለ 35 ይወፍራል። አዲሱን ሲከድኑ በጎን ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል፣ በርዝመት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ የላይኛው ሁልጊዜ የታችኛውን ይሸፍነው።

የጣሪያው ከንፈር ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚወጣ ይለኩ። ከ50 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቤቱ ኮፍያ የሌለው ሰው ነው፤ ወራጁን አስረዝሞ ክዳኑን መጨመር ከማንኛውም ቀለም በላይ ግድግዳውን ያኖረዋል። አሸንዳ ሲሰቅሉ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል። ውሃ ልክ ከሌለዎት ክር ወጥረው፣ ሲጨርሱ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሰው ይፈትኑት። ውሃ የሚተኛበት አሸንዳ ይዝጋል፣ ትንኝም ያረባል።

በቤቱ ዙሪያ

ይህ ክፍል አካፋና ሁለት ቀን እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ይዘለዋል። በግድግዳው ግርጌ የተከመረውን አፈር፣ ቆሻሻና የአበባ መደብ ያንሡ። ከጊዜ ብዛት ግቢው ከፍ፣ ቤቱ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ርቀት ድረስ መሬቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን ተቀብሎ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር።

ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጠጠር ንጣፍ ያድርጉ። ጠብታ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ይሰባበራል፤ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ግን ጭቃ ይዞ ግድግዳው ላይ ይፈናጠራል።

የግርጌውን ክፍል ከውጭ በሲሚንቶ መለሰን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይኖሩም። ጭቃው እርጥበት ሲቀበል ያብጣል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ሲሚንቶው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣና ቋሚውን ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ግን ሲሚንቶው ጠንካራ መስሎ ስለሚቆም ጉዳቱ የሚታወቀው እንጨቱ ካለቀ በኋላ ነው። ግርጌውን ከመፈናጠር ለመጠበቅ ከፈለጉ ከግድግዳው አንድ ጣት ራቅ አድርገው ድንጋይ ይደርድሩ፤ ግድግዳው ግን ይተንፍስ።

ቋሚ መቀየር

አናጢ ቢቀጥሩም አጠገቡ ይቁሙ። ደንቡ አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይነኩም። መጀመሪያ ከሚቀየረው ቋሚ ግራና ቀኝ ወራጁ የሚያርፍበትን አግዳሚ በወፍራም አጠና ይደግፉ፤ የድጋፉ እግር ጣውላ ላይ ይረፍ፣ ከሥሩም በሽብልቅ ይጥበቅ። ሙሉውን ቋሚ መንቀል ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ይቆረጣል፣ ከሥሩ ከመሬት ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የኮንክሪት እግር ይገባል፣ አዲሱ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ግማሽ በግማሽ ተጠርቦ በብሎን ይታሰራል። እንጨት አፈር ካልነካ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አያገኘውም።

አዲሱ እንጨት የደረቀና ልጡ የተላጠ ይሁን። ልጥ ያለበት አጠና ለምስጥ ድግስ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ከውጭ ላለውና በጭቃ ለሚሸፈነው ክፍል ካልሆነ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አያድርጉት።

መብራት፣ ጭቃው ከመመረጉ በፊት

ግድግዳው ክፍት በሆነበት ጊዜ የሽቦ ቱቦ ይቅበሩ፣ የማብሪያ ማጥፊያና የሶኬት ሣጥኖችን ያስቀምጡ። ኤሌክትሪሺያኑን እነዚህን ይጠይቁ፦ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፤ ለእንጀራ ምጣድ ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ለብቻው። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ይስባል፤ ከሳሎን ሶኬት ተቀጥሎ የሚሠራ ምጣድ ሽቦውን ያግላል፣ በእንጨት ቤት ደግሞ የጋለ ሽቦ ማለት እሳት ነው። የምድር ሽቦ መኖሩን፣ ጨርቅ ለበስ የሆነው አሮጌ ሽቦ ሁሉ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ።

ጭቃው

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈልገውም፣ የሚያስደስተውም ይህ ነው።

ባዶ ድምፅ ያሰማውን ምርጊት በሙሉ ያውርዱ። የወረደውን አይጣሉት፤ ጥሩ አፈር ነው፣ ሲዘፈዘፍ ይመለሳል። የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የምስጥ ቤትና ነጭ ጨው መሰል ነገር የታየበትን ብቻ ለይተው ያስወግዱ። የላላ ማገር በምስማር ወይም በሽቦ ያጥብቁ፤ ማገሩ እየተንቀሳቀሰ የተመረገ ጭቃ በሳምንቱ ይሰነጠቃል።

የሚጨመረውን አፈር ይፈትኑ። ግልጽ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልተው በደንብ ነቅንቀው ያስቀምጡ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ተንሳፍፎ ከላይ ይተኛል። አሸዋ ብቻ ከታየ አፈሩ አይይዝም። አብዛኛው ሸክላ ከሆነ፣ በተለይ ጥቁር መረሬ ከሆነ፣ ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃልና ቀይ አፈርና አሸዋ ይጨመርበት።

ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን በውሃ ይዘፍዝፉ፣ የጤፍ ጭድ በትነው በእግር ይርገጡ። የጤፍ ጭድ ከስንዴው የሚመረጠው ቀጭንና ልስልስ ሆኖ ጭቃውን ከየአቅጣጫው ስለሚያስር ነው። ከተረገጠ በኋላ በላስቲክ ሸፍነው በየሁለት ሦስት ቀኑ እያገላበጡና ውሃ እየጨመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያቆዩት። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው ይሸታል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እጅ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ደርሷል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ከማገሩ ላይ በቁራጭ እየወደቀ ሰው ያደክማል። በጭቃው ውስጥ ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ ሊኖር ስለሚችል ባዶ እግር አይግቡ፤ ቦት ጫማ ያድርጉ።

ሙሉውን ግድግዳ ከመጀመርዎ በፊት ናሙና ይሥሩ። ሁለት እፍኝ ጭቃ በግድግዳው ላይ መርገው አራት አምስት ቀን ይጠብቁ። ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨምሩ፤ በጣት ሲታሽ ከተራገፈ ሸክላ ይጨምሩ።

ምርጊቱን የሚጀምሩት ግድግዳውን በውሃ ከረጩ በኋላ ነው። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጦ ያደርቀዋል፣ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ጭቃውን በእጅ መዳፍ አድቦልቡለው ከክንድ ኃይል ጋር በማገሩ መካከል ይምቱት፤ ከወዲያ በኩል ብቅ ማለት አለበት። እንዲህ ያለውን ጭቃ ማገሩ ራሱ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ከማገሩ ፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይወፍር። ፊቱን አያለስልሱት፤ ሳይደርቅ በጣት ጫፍ ቦጨቅ ቦጨቅ ያድርጉት። በሚደርቅበት ጊዜ ይሰነጠቃል፤ አይደንግጡ፣ ሁለተኛው ልስን የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነው።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ካደረቁ በኋላ ለልስኑ ጭቃውን በወንፊት ይንፉ፣ ጭዱንም ጣት በማይሞላ ርዝመት ይቁረጡት። እናቶች የላም እበት የሚጨምሩበት ምክንያት አለ፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ፋይበር ልስኑን ያስረዋል፣ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል። ግድግዳውን በውሃ ረጭተው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይለስኑ፣ በረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከታች ወደ ላይ ያስተካክሉ፣ ትንሽ ሲጠነክር በፍራታዞ (እጀታ ባለው ማለስለሻ ጣውላ) በክብ እያሹ ይጨርሱ። መስኮትና በር ክፍት ይሁን፤ ከሰል አንድዶ ግድግዳ ማድረቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል፣ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ይገድላል።

መድረቁን በዓይን አይፍረዱ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ገና ነው።

ወለሉ

አሮጌው ሊሾ ድፍን ድምፅ ካለውና ካልሰመጠ ስንጥቁን ደፍነው ያኑሩት። እንደ አዲስ የሚሠራ ከሆነ አፈሩን ቆፍረው ይጠቅጥቁ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ ደርድረው ክፍተቱን በጠጠር ይሙሉ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈው 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ያፍስሱ። በአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ በሁለት እጅ አሸዋ፣ በአራት እጅ ጠጠር ሲቦካ ለምሳሌው ክፍል ወደ 9 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈጃል። ውሃ ማብዛት ሥራውን ያቀላል፣ ኮንክሪቱን ግን ያደክማል። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ጣት ክፍተት ትተው በደረቅ አሸዋ ይሙሉት፣ የወለሉ እርጥበት ወደ ጭቃው እንዳይሻገር ነው፤ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ) ይሸፍነዋል። ከዚያ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ውሃ ያጠጡት። ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት አይለይዎ።

ኮርኒሱ

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው የሚሰቀለው። ቺፑድ ገበያ ላይ በ1.22 በ2.44 ሜትር ይመጣል። የሞራሌውን (ቺፑዱ የሚመታበትን ቀጭን እንጨት) ክፈፍ መሃል ለመሃል 61 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ከደረደሩ የሁለት ቺፑድ መገናኛ ልክ በእንጨቱ ወገብ ላይ ያርፋል። 60 አድርጎ የጀመረ ሰው ሦስተኛው ቺፑድ ላይ ሲደርስ ምስማር የሚመታበት እንጨት ያጣል። ለ14 ካሬ ሜትር አምስት ይበቃል የሚመስል ቢሆንም የሚቆራረጠውን ቆጥረው ስድስት ይግዙ። በሁለት ተቃራኒ ጎን ወንፊት ሽቦ ያለበት የአየር መተንፈሻ ይተዉ፣ ወደ ጣሪያ መውጫ ክዳንም አይርሱ።

ቀለም

የድሮ በርና መስኮት ላይ ያለው ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አይፈግፍጉት፤ በውሃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ የወደቀውን ጠርገው ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስበው ያስወግዱ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አይዋሉ።

ለውጭው ግድግዳ ምርጫዬ ኖራ ነው፤ እርጥበት አያፍንም። በውሃ ጠፍቶ የዋለ ኖራ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው በውሃ ተረጭቶ፣ ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል። ወፍራም አድርጎ በአንድ ጊዜ የተቀባ ኖራ ልብስ ያቆሽሻል፣ ይራገፋልም። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡና ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ከውስጥ ግድግዳው በላስቲኩ ፈተና ካለፈ በጂፕሰም በስሱ ተለስኖ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ይችላል። ጂፕሰም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ በአንድ ሳህን ልክ እየበጠበጡ ይሥሩ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አቧራውን ይጥረጉ። የምሳሌው ክፍል ግድግዳ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 36 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሊትር ወደ 9 ካሬ ሜትር ቢሸፍን ለሁለት ቅብ 8 ሊትር ይበቃል። የመጀመሪያውን ቅብ ቀጠን አድርገው ግድግዳው ይጠጣው፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ሁለተኛውን ሳይቀጥኑ ይቀቡ። ኮርኒሱ ይቀድማል፣ ግድግዳው ይከተላል፣ በርና መስኮቱ መጨረሻ። ማዕዘንና ጠርዙን በጠባብ ብሩሽ ከጨረሱ በኋላ ሰፊውን በሮለር፣ እርጥብ ጠርዝ ሳይደርቅ እያያያዙ ይሸፍኑ፤ መሃል ላይ ቆሞ ሻይ መጠጣት መስመር ያወጣል።

የተረፈውን ቀለም ክዳን በሚገጥም ዕቃ አድርገው የቀለሙን ቁጥርና የክፍሉን ስም ላዩ ላይ ይጻፉበት። ልጆች ክፍሉ ውስጥ ከመተኛታቸው በፊትም ሽታው እስኪጠፋ መስኮቱ ለጥቂት ቀናት ክፍት ይዋል።